ከዋሄን ቃጠሎ በኋላ፦ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚበጀው ድጋፍ

አቅራቢ አንድ፦ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ የሀርጌሳ ዋና መገበያያ የነበረው ዋሄን ገበያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት በተነሣ እሳት ሲወድም፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆች መቃጠላቸው በወቅቱ ተገልጿል፤ የመተላለፊያዎቹ ጥበትም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አዳጋች አድርጎት ነበር።

አቅራቢ ሁለት፦ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ የመንግሥት አቅም ይፈተናል፤ ሶማሌላንድ በ1991 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ብታውጅም የዓለም ባንክ አባል ባለመሆኗ በራሷ ስም ከዚያ መበደር አትችልም።

አቅራቢ አንድ፦ ክፍተቱን በአብዛኛው የሚሸፍነው ኅብረተሰቡ ነው፤ «ሐግበድ»፣ ማለትም እንደ እቁብ አባላት በየተራ የሚወስዱት መዋጮ፣ ከውጭ አገር ዘመዶች በሐዋላ የሚላከው ገንዘብ፣ እንዲሁም ቴሌሶም በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ዛድ» የተሰኘ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ንግዱን ያንቀሳቅሳሉ።

አቅራቢ ሁለት፦ ይሁን እንጂ እቁብ ተራ ሲደርስ የሚከፈል ቁጠባ እንጂ የወደመን ሀብት የሚተካ መድን አይደለም። ወለድ በእስልምና ሕግ የተከለከለ በመሆኑም፣ ለነጋዴው የሚስማማው «ሙራባሃ»፣ ማለትም ገንዘብ አቅራቢው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በግልጽ የታወቀ ትርፍ በመጨመር በዱቤ የሚሸጥበት ውል፣ እንዲሁም «ተካፉል» የተባለው የመረዳጃ መድን ነው።

አቅራቢ አንድ፦ ስለዚህ ከአንድ ጊዜ እርዳታ ይልቅ ሰፋፊ መተላለፊያ፣ የውሃ ቧንቧና በሕግ የሚመራ መድን ነጋዴውን ይበልጥ ይጠቅሙታል።