ገና ያልተሠራ ዕቃ

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ገና ስላልተፈጠረ ዕቃ ነው። በወረቀት ተነድፎ ወይም በፊልም ተቀርጾ ይታያል እንጂ ፋብሪካ አልገባም፤ ዋጋም አልተቆረጠለትም። በውጭ አገር ታላላቅ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ የምናብ ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችን ቀጥረው ያሠራሉ። ሥራው ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ነገ በእጃችን የምንይዘው ዕቃ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚወሰነው በዚያ ሥዕል ላይ ነው። እኛ አሳብ መስጠት የምንጀምረው ዕቃው ተሠርቶ፥ ቀረጥ ተከፍሎበት ሱቅ ሲደረደር ነው። ያን ጊዜ የሚቀርልን ምርጫ መግዛት ወይም መተው ብቻ ነው።

ጥቂት ምሳሌ እንይ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1972 አለን ኬይ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ «ዳይናቡክ» ብሎ የሰየመውን ኮምፒዩተር ነደፈ። በዚያ ዘመን ለአንድ ሕፃን የራሱ ኮምፒዩተር ይሰጠው ማለት እብደት ይመስል ነበር። እርሱ ግን በደብተር መጠን የሆነ፥ ልጅ ይዞት የሚዞር፥ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መሣሪያ አሰበ፤ አምሳያውንም በካርቶን ሠራ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ልጆች ሣር ላይ ተጋድመው በዚሁ ዕቃ ይጫወታሉ። ዳይናቡክ እንደ ተነደፈው ሆኖ አልተሠራም። ሆኖም ዛሬ በቦርሳ የሚያዘውን ኮምፒዩተር ያየ ሰው የካርቶኑን ዝምድና አይስተውም። ኬይ አሳቡን የጀመረው ከልጁ ነበር፤ ማሽኑ ኋላ መጣ።

በ1987 አፕል ኩባንያ አንድ አጭር ፊልም አወጣ። አንድ ፕሮፌሰር ጠረጴዛው ላይ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት መሣሪያ ይዘረጋል። በስክሪኑ ላይ ቢራቢሮ ክራባት ያሰረ ሰው ብቅ ብሎ የቀኑን ቀጠሮ ይነግረዋል፤ እናቱ እንደ ደወሉለትም ያስታውሰዋል። ፕሮፌሰሩ ስለ አማዞን ደን መመናመን ሊያስተምር ነው፤ አንዲት ባልደረባው ደግሞ በዚያው ስክሪን ቀርባ ስለ ሰሐራ መስፋፋት ያጠናችውን ታቀብለዋለች። ያኔ ተረት ይመስል ከነበረው ብዙው ዛሬ ሆኗል፤ ንድፉ ያስደንቃል። ነገር ግን፥ ጓደኞቻችን፥ አፍሪካ በዚያ ፊልም ውስጥ ያለችው በካርታነት ነው። በረሃው ቀዬውን የሚበላበት ገበሬ ያን መሣሪያ ከፍቶ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያሰበለት የለም። ይህን የምንለው ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው የሚሥለው የሚያውቀውን ነው።

እንደ እኛ ላሉት ታስቦ የተነደፈም አለ። በ2005 በቱኒስ ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሀ አገር ልጆች በ100 ዶላር ሊሸጥ የታሰበ ኮምፒዩተር አምሳያ አሳየ። በጎኑ መዘውር ነበረው፤ መብራት በሌለበት ልጁ በእጁ እያዞረ ኃይል እንዲሞላው ነው። ዕቃው በ2007 ከፋብሪካ ሲወጣ ግን መዘውሩ ከላዩ ላይ አልነበረም፤ ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪኑ መልካም ሥራ ነበር፤ ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶችም ገብቷል።

እንግዲህ እኛስ ምን እንሥላለን? አንድ ንድፍ ጀምረናል። ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ ማንበብ የማይችሉ እናቶች መልእክት ሲደርሳቸው ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለ ሱቅ ያስነብባሉ። ስንት እንደ ተላከላቸውና ስንት እንደ ቀራቸው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የነደፍነው በነጠላ ጫፍ ሊቋጠር የሚችል ትንሽ ዕቃ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት መልእክቱን በባለቤቲቱ ቋንቋ በሹክሹክታ ያነባል። ባትሪው ስንት ቀን ይቆይ? የምስጢር ቁጥሩን ማን ያስገባላቸው? ዕቃው ቢጠፋስ? ተከራክረን አልጨረስንም። አንዳንዶቻችን ስልኩ ራሱ ይናገር እንጂ ሌላ ዕቃ ለምን እንላለን፤ ይህም የሚናቅ ክርክር አይደለም።

ስለዚህ የኅብረቱን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ለእንዲህ ያለ ንድፍ እንድትለቁልን እንጠይቃለን። ከሥዕሉ በታች ዕቃውን ማን እንደሚይዘው፥ ኃይል ከየት እንደሚያገኝና ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ይጻፍ። የሕግና የቋንቋ ተማሪዎችም አትቅሩ፤ የምስጢር ቁጥሩ ነገር ከመሐንዲስ ይልቅ እናንተን የሚመለከት ነው። መምህራኖቻችን ንድፉን ያለ ርኅራኄ እንዲያርሙልን እንለምናለን። ወረቀት ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ እርሳስ ይዛችሁ ኑ።