ጥርኝ ውሃና ሚዛን



የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የበላዔ ሰብን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድ ሚዛንም ያችው ውሃ አመዘነች።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ይህ በመዝገብ አይታረቅም። የጎደለውን የሞላው ጸጋ ነው። መግደሉም መስጠቱም ግን በገዛ ፈቃዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እምነትን ከምግባር ጋር የምታስተምረው ለዚህ ነው፤ ምሕረቱ የእግዚአብሔር ነው፣ እጅ መዘርጋቱ የእኛ።

ቁጠባ አቋርጣ፣ በዕዳዋ አፍራ ከማኅበሩ የቀረች እህት ብትኖር ዕዳዋ ከመዝገብ አይፋቅም፤ በራችን ግን አይዘጋባት። ጥርኝም ብትሆን የአቅሟን ይዛ ትምጣ፤ በቀረው አብረን እንመክራለን።