ጋብቻ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት፦ ባልና ሚስት አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ባልና ሚስት የመኖሪያ ወረቀትና ስለ ዜግነት እንድንናገር ሲጠይቀን ጥቂት ገርሞን ነበር። ባለቤቴና እኔ ባለ ሱቆች ነን እንጂ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ትምህርታችንም እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ሱቃችን ውስጥ ከዘይቱና ከስኳሩ ጎን አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን አለ። በእሱ የብዙ ቤተሰብ ፓስፖርት፣ ሴዡር፣ የጋብቻና የልደት ወረቀት አልፏል። ሰው ደግሞ ወረቀቱን ሲያስገለብጥ ችግሩንም ያወራል። ያልገባንን እየጠየቅን፣ አዋጁንም እያነበብን የደረስንበትን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

ኢትዮጵያውያን ጂቡቲ መኖር የጀመርነው ትናንት አይደለም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከድሬዳዋ እስከ ወደቡ ያለው ሕዝብ ቀድሞ ተዋውቋል፣ ተጋብቷልም። እዚህ ከተማ መሀል ያለውንም አደባባይ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ፕላስ ምኒልክ ይሉታል። ያኔ ግን ሰው ሲጋባ የሚጠየቀው ስለ ዘመዱ እንጂ ስለ ወረቀቱ አልነበረም። ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ፓስፖርት፣ አንዳንዴም ሦስት አለ። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናነሳለን።

አንደኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድን በተመለከተ። በጋብቻ ሴዡር ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ጋብቻ ራሱ ግን ሴዡር አይደለም። ነሐሴ 1995 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። የጂቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች በሙሉ እንዲወጡ አዘዘ፤ ቀነ ገደቡ መጀመሪያ ኦገስት 31፣ ኋላም ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ነበር። ብዙ አሥር ሺህ ሰው ከዚህ ከተማ ወጣ። ባል ሴዡር ኖሮት ሚስት የሌላት፣ ሚስት ሠራተኛ ሆና ባል ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ስንት ነበር! ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ እኛም ሸኝተናል። በ2017 ዓ.ም. ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አንዳንዱ ቤት ተዘጋጅቶ ጠበቀ፤ አንዳንዱ ግን ያው እንደ በፊቱ ሆነ።

አንዲት ደንበኛችን ነበረች። ሃያ ዓመት በትዳር ኖራለች፤ የቤቱ ኪራይም፣ መብራቱም፣ ሴዡሩም በባልየው ስም ነበር። ባልየው በድንገት ሲያርፍ ሐዘኑ ሳይወጣላት የቢሮ ደጅ ትመላለስ ጀመር። ሃያ ዓመት እዚህ መኖሯን የምታስረዳበት አንድም ወረቀት በስሟ አልነበራትም። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ባልም ሚስትም እያንዳንዳቸው በየስማቸው ወረቀት ይኑራቸው። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ሁለቱም ስም ይግባ። ይህን ማለት አለመተማመን አይደለም፤ ከኋላ ለሚቀረው ማሰብ ነው።

ሁለተኛ፣ ጋብቻን ማስመዝገብ። በሽማግሌ መጋባት፣ በቤተ ክርስቲያን መጋባት፣ በቃዲ ኒካ ማሰር ትልቅ ክብር ነው። ለቪዛና ለዜግነት ግን የሚቆጠረው መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻ በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በውጭ ለምንኖር ደግሞ መዝጋቢው ኤምባሲያችን ነው። በጂቡቲ በኩል የሙስሊሞች ጋብቻ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከሁሉ በላይ ስም ይጠበቅ። ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ ጋብቻ ወረቀት ላይ በሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም የስንቱን ሰው ጉዳይ ለወራት አስቁሞ አይተናል። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ አንዲት ፊደል ትበቃለች። ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳትለቁ አንብቡት።

ሦስተኛ፣ ዜግነት። ቀድሞ በ1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊት የውጭ ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ይህን ዘጋው፤ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ በማግባት ብቻ ዜግነቱን አያጣም። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል።

የውጭ ሰው ያገባችሁ፣ ባለቤታችሁ ኢትዮጵያዊ መሆን ቢፈልግ መንገዱ እነሆ። ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከማመልከቻው በፊትም ኢትዮጵያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ላላገባ ሰው መኖሪያው አራት ዓመት ነው። የቀድሞ ዜግነትን መልቀቅና ቃለ መሐላ መፈጸምም አለ። ልብ በሉ፦ አንድ ዓመቱ የሚቆጠረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጂቡቲ አሥር ዓመት አብሮ መኖር ያንን አንድ ዓመት አይተካም።

በተቃራኒው እኛ የትዳር ጓደኛችንን ዜግነት ስንፈልግስ? በጂቡቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዜግነት ሕግ መሠረት የሠርጉ ቀን ዜግነት አያመጣም፤ መጠበቅና ማመልከት አለ። ፈረንሳዊ ያገቡ እህቶቻችን ጋብቻው በፈረንሳይ መዝገብ ከሰፈረ፣ ኑሮውም ካልተቋረጠ ከአራት ዓመት በኋላ ማመልከት ይችላሉ፤ ፈረንሳይ ውስጥ በቂ ዓመት ላልኖሩ አምስት ይሆናል። ቋንቋውንም መቻል ግድ ነው። አሜሪካዊ አግብቶ የሚሄድ ሰው፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ማመልከት አለባቸው። ከዚያም አብረው እየኖሩ ሦስት ዓመት ሲሞላ ለዜግነት ይጠይቃሉ።

ታዲያ ፈረንሳይም አሜሪካም የቀድሞውን ፓስፖርት ላይነጥቁ ይችላሉ። የኛ አዋጅ አንቀጽ 20 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አንዲት እህታችን ይህን ስትሰማ «ታዲያ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ቪዛ ልጠይቅ ነው?» ብላ ሱቃችን ውስጥ አልቅሳለች። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው ቢጫ ካርድ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያና ሥራ ፈቃድ መኖርና መሥራት ያስችላል። መምረጥና መመረጥን ግን አይመልስም። እሷም ከባሏ ጋር ተመካክራ ለጊዜው በሴዡር መቆየትን መረጠች። ሌላዋ ደግሞ ለልጆቿ ትምህርት ብላ ለወጠች። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም አውቀው ወሰኑ። የአንዱ መለወጥም የሌላውን ኢትዮጵያዊነት አይነካም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት የግድ አንድ ላይ መለወጥ የለባቸውም።

አራተኛውና ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው የልጆች ነገር ነው። ከወላጁ በአንዱ በኩል ወይም በትውልድ ቦታው የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን ማቆየት ከፈለገ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ምርጫውን ማሳወቅ አለበት። ያች ዓመት በፈተናና በጓደኛ ጨዋታ ታልፋለች። በኋላ ለመመለስ ወደ አገር ገብቶ መኖርና ሌላውን ዜግነት መተው ሊያስፈልግ ነው። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን 18ኛ ልደት ኬክ ስትቆርሱ ይህንንም ንገሩት። ምርጫው የእሱ ነው፤ መንገሩ ግን የእናንተ ነው።

በመጨረሻም፦ አዲሱ ዜግነት እጅ ሳይገባ አሮጌውን አትልቀቁ። ደላላ ከሚነግራችሁ ይልቅ ኤምባሲውንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ሕግም ይለወጣልና በየጊዜው ጠይቁ። የወረቀቶቻችሁን ኮፒ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የት እንዳለ ባልም ሚስትም ይወቁ። ማኅበራችንም በወር አንድ ቀን ወረቀት ማንበብ ለሚቸገሩ እናቶች የሚያነብ ወጣት ቢመድብ መልካም ነው እንላለን፤ ፈረንሳይኛ የተማሩ ልጆች ሞልተውናል። ኮፒውን እኛ በነጻ እንችላለን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶቻችን። ትዳራችሁን፣ ልጆቻችሁንና ይህን ማኅበር ፈጣሪ ይባርክልን፤ ያስጠጋንን የጂቡቲን ሕዝብም ሰላሙን ያብዛለት።