ኤድዋርድ ኮልስ፤ ባሮቹን ነፃ ያወጣው አገረ ገዥ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ስለ አሜሪካ የመጀመሪያ ዘመን ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው የዋሽንግተንንና የጄፈርሰንን ስም ነው። እኔ ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ስሙ እምብዛም የማይታወቀውን፣ የኢሊኖይ ግዛት ሁለተኛ አገረ ገዥ የነበረውን ኤድዋርድ ኮልስን ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኮልስ በ1786 በቨርጂንያ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። እንደ እኛ ተማሪ ሳለ፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ፣ ሰው ሰውን እንደ ንብረት ሊይዝ አይገባውም ከሚል አሳብ ላይ ደረሰ። በ1808 አባቱ ሲሞቱ ግን እርሻና ወደ ሃያ የሚጠጉ ባሮች ወረሰ። ከዚያም የፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊ ሆነ። በ1814 ለጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ፣ በቨርጂንያ ባርነት እንዲቀር መሪ ይሁኑልን ሲል ለመነ። ጄፈርሰንም ባርነት ክፉ መሆኑን አምነው፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ሥራው የወጣቶች ነው ሲሉ መለሱለት። የነፃነትን ዐዋጅ ያረቀቀው እጅ ያን ጊዜ ተሰበሰበ።

ኮልስ በ1819 ባሮቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ተነሣ። በኦሃዮ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲጓዙ ሰብስቦ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነፃ መሆናቸውን ነገራቸው። ኢሊኖይ ሲደርሱም ለየቤተሰቡ አባወራ 160 ኤከር መሬት ሰጠ።

በ1822 አራት ሰዎች ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ፣ ድምፁ ስለ ተከፋፈለ ኮልስ ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን አግኝቶ ተመረጠ። ወዲያውም በግዛቱ የቀረው ባርነት እንዲጠፋ ምክር ቤቱን ጠየቀ። የባርነት ደጋፊዎች መልስ ሕገ መንግሥቱን የሚለውጥ ጉባኤ ይጠራ የሚል ነበር። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለመሙላትም፣ ወንበሩን የያዘ አንድ አባል አስነሥተው በምትኩ ሌላ አስቀመጡ። ነገሩ ለሕዝብ ሲቀርብ ኮልስ የአራት ዓመት ደመወዙን፣ 4,000 ዶላር፣ ለዚሁ ክርክር አዋለው። ነሐሴ 1824 ሕዝቡ በ4,972 ድጋፍ በ6,640 ተቃውሞ ጉባኤውን ጣለው።

አንድ ነገር እንዳንረሳ፤ ከተቃወሙት ብዙዎቹ የፈሩት የባለ ባሮችን ተፎካካሪነት ነበር እንጂ ለጥቁሩ አዝነው አልነበረም። ጥቁሮች ድምፅ አልነበራቸውም፤ የሚጨቁናቸውም ሕግ እንዳለ ቀረ።

ኮልስ ባሮቹን ያለ ዋስትና ለቅቋል ተብሎ ተከሰሰና 2,000 ዶላር ተፈረደበት፤ በኋላ በ1826 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ1831 ለኮንግሬስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ልጁ ሮበርትስ በ1862 ለባርነት ግዛቶች ሲዋጋ ወደቀ። አባት ግን በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ሲሻር ለማየት በቅቶ በ1868 ሞተ።

ጓደኞቼ፤ ባርነት ክፉ መሆኑን ጄፈርሰንም ኮልስም እኩል ያውቁ ነበር። አንዱ ዕውቀቱን በደብዳቤ ገለጸ፤ ሌላው ንብረቱን፣ ደመወዙንና ሹመቱን ከፈለበት። የእኛስ ዕውቀት ዋጋ ሲጠይቀን ማንኛውን እንመስል ይሆን? ጥያቄውን ለውይይታችሁ ትቼ በዚሁ አበቃለሁ።