የጓሮ አትክልት በወለጋ፤ ለቆላው ያልነው ለወይና ደጋው አይሆንም

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጓሮ ነው። ጓሮ ስንል ሰፊ እርሻ ማለታችን አይደለም። ከቤት ጀርባ 10 እርምጃ በ10 እርምጃ የምትሆን ቦታ ካለች ትበቃናለች።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ አስቡ። ጎተራው ተሟጧል፣ በቆሎው ገና እሸት አልያዘም። በዚህ ጊዜ ከጓሮዋ ጎመን ቀንጥሳ የምትቀቅል እናትና ለአንድ እስር ጎመን ሳንቲም የምትፈልግ እናት እኩል አይደሉም። የሰኔ ፈተና ላይ ባዶ ሆዱን የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ እያነበበ አይገባውም፤ እኛ መምህራን ይህን እናውቀዋለን።

ታዲያ ምን እንትከል? መጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ እወቁ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትጓዙ ግን መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ደዴሳን ስትሻገሩ ቆላ ውስጥ ናችሁ። ማንጎ የቆላ ሰው ነው፤ ደዴሳ ላይ ይንዠረገጋል፣ ነቀምቴ ጓሮ ውስጥ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ችግኝ ስታጓጉዙም ተጠንቀቁ። በ2002 ዓ.ም. መገባደጃ በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነጭ የማንጎ ተባይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነጥብ ያለበትን ችግኝ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

አፈራችን ቀይ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ብዙ ዝናብ ለተክል የሚያስፈልገውን ጨው አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የምድጃ አመድ አትድፉ፤ በስሱ በትኑትና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉት። አመዱ ኩምጣጤውን ያበርዳል። ቲማቲም ግን በክረምት ባትሞክሩ ይሻላል፤ በእርጥበቱ ቅጠሉ እሳት እንደነካው ይጠቁራል። ለእሱ በጋውንና የእጣቢ ውኃውን ጠብቁለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አንጮቴ። ወለጋ ውስጥ ስለ አንጮቴ መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን በከተማ ጓሮዎች ስፍራውን ለአበባና ለጌሾ እየለቀቀ ነው፤ እኔ ይህ ያሳስበኛል። አጥንቱ ለተሰበረ፣ ለወለደች እናት አያቶቻችን አንጮቴ የሚሰጡት በከንቱ አይደለም፤ ሥሩ ካልሲየም የሚባለው አጥንት የሚሠራ ማዕድን በብዛት አለው። ከነልጣጩ ቀቅሉትና ከበሰለ በኋላ ላጡት። ከዚያ በቅቤና በቆጭቆጫ ነው፤ መስቀል ያለ እሱ አይደምቅም።

አንጮቴ ሐረግ ነው፣ ዝናቡ ሲገባ ዘሩን ዝሩና መደገፊያ እንጨት ትከሉለት። በአራት በአምስት ወር ሥሩ ይደርሳል። ሁሉንም ግን አትንቀሉ። አንድ ሁለት እግር መሬት ውስጥ ተዉ፤ ይህ ለዘር የሚቆየው አሮጌ ሥር በኦሮምኛ ጉቦ ይባላል። (ከአማርኛው ጉቦ ጋር ዝምድና የለውም፣ አትሳቁ።) በሚመጣው ክረምት ያቆጠቁጥና ያፈራል። ፍሬው ቀይ ሲሆን ጨምቃችሁ ዘሩን አውጡ፣ በአመድ አሹት፣ ጥላ ላይ አድርቁት።

በነጆና በመንዲ በኩል ያላችሁ ጠላታችሁ ምስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ደረቅ ግንድና ጭራሮ ከመደቡ አጠገብ አትከምሩ፤ ችግኙንም ውኃ አታስጠሙት፣ የደከመ ተክል ይቀድማል።

ዘሩን በጨርቅ ስትቋጥሩ ቁራጭ ወረቀት ጨምሩበት። ወረቀቱ ላይ የዘሩን ስም፣ ከማን ጓሮ እንደ መጣና የተለቀመበትን ወር ጻፉ። መጻፍ የጀመረው የቤቱ ልጅ ወይም አያት ይጻፈው።