ለውሾቻችን ስለምንጥለው ምግብ
በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተነገረ



ከዚራም ሆነ መጋላ፣ የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይበላዋል፤ ተስማማው ማለት ግን አይደለም። ሽንኩርት በስሎም ቢሆን የውሻን ደም ይጎዳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን በበዓል ዕርድ ጊዜ የምናደርገው ነው። በግ፣ ፍየል ወይም ግመል ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ፣ ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ጣሉት እንላለን። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዘር ሆዱ ገብቶ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻው እኮ ደህና ነው የሚመስለው! ልጆቻችን ደባብሰውት እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ያው ከረጢት እነሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ሊያድግ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ደቻቱ አሸዋ ላይ አንጣል። እናቃጥለው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አድርገን በጥልቁ እንቅበረው። ውሻ ያላችሁ ደግሞ የትል መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።