በሬው ሳይሸጥ

(በቆቦ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማሽላ አይደለም። ስለ ጤፍም አይደለም። የምንነጋገረው ስለ መኪና እሽቅድድም ነው። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገሩ የመጣው ግን ከዚሁ ከሠፈራችን ነው።

አንድ ጎረቤታችን አሉ። ልጃቸው ሽንኩርት በሚጭን አይሱዙ ላይ ረዳት ነው። ልጁ አንድ ቀን ሻይ ቤት ገብቶ በቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድድም አየ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አንድ ማታ እቤት ገባና፣ «አባዬ፣ አንዱን በሬ ሽጠውና እኔ የእሽቅድድም ሾፌር ልሁን» አለ። አባት ተቆጡ። በሬው ጥማድ ሲጎድለው ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለእናንተ አይነገርም። ቢቆጡም ግን ነገሩን አልተዉትም። ወደ እኛ መጡና፣ «እናንተ መጽሐፍ ታገላብጣላችሁ፤ ለመሆኑ ድሃ እዚህ ሥራ ውስጥ ገብቶ ያውቃል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ፈልገን ያገኘነውን እንንገራችሁ። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከአፍሪካ ማዶ፣ ከትልቁ ውቅያኖስ ባሻገር፣ አርጀንቲና የምትባል አገር አለች። በዚያች አገር ባልካርሴ የምትባል ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን ድንች ይመረትባታል። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ የተባለው ሰው በ1911 የተወለደው እዚያ ነው። ቤተሰቡ ከጣሊያን አገር የተሰደደ፣ በእጁ ሥራ የሚኖር ነበር። ፋንጂዮ ገና ልጅ ሳለ ጋራዥ ገባ። ጠረገ፤ ቁልፍ አቀበለ፤ ሞተር ሲፈታ አየ፤ ቆይቶም ራሱ ፈታ፤ ራሱ ገጠመ። በ1936 ራሱ መሪ ይዞ ሲወዳደር የነዳው መኪና ምን ነበር ቢባል፣ ታክሲ ነበር። እሱም ቢሆን የተዋሰው እንጂ የራሱ አልነበረም። ያን ውድድር አላሸነፈም። እጁን ግን አሳየ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኛን የገረመን። የባልካርሴ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው መኪና ገዙለት። እንደ እድራችን ማለት ነው! አንዱ ጥቂት፣ ሌላውም ጥቂት ሰጠ። በ1940 ፋንጂዮ በሸቭሮሌ መኪና ከቦነስ አይረስ ተነሥቶ እስከ ፔሩ ዋና ከተማ እስከ ሊማ፣ ደርሶ መልስ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። መንገዱ አንዲስ በሚባሉት ታላላቅ ተራሮች ላይ የሚያልፍ ነው። መኪናው በመንገድ ሲሰበር ጋራዥ ፍለጋ አይኬድም፤ የሚጠግነው ያው የሚነዳው ነው። ኋላም አውሮፓ ሄዶ በ1951፣ በ1954፣ በ1955፣ በ1956 እና በ1957 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በመጨረሻው ጊዜ ዕድሜው 46 ነበር።

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» ካላችሁ ወደ ጎረቤት እንምጣ። በኬንያ ሳፋሪ ራሊ የሚባል ውድድር አለ። የተጀመረው በ1953 ነው። ራሊ ማለት በተሠራ ሜዳ ላይ የሚዞሩበት ሳይሆን በአገር መንገድ ላይ የሚካሄድ እሽቅድድም ነው። ሳፋሪ የሚታወቀው በአቧራና በጭቃ ነው። የእኛን ቆላ በክረምት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ይህን ውድድር በ1965፣ በ1974 እና በ1976 ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ፣ ወገኑ ከሕንድ የሆነ የኬንያ ልጅ ነው። እሱም ከሾፌርነቱ በፊት መካኒክ ነበረ፤ ሙያውን ከአባቱ ጋራዥ ነው ያገኘው። በ1965 ከወንድሙ ጋር ያሸነፈበት ቮልቮ አዲስ አልነበረም፤ ሌላ ሰው የነዳው አሮጌ መኪና ነበር። አዳዲስ መኪና ይዘው የመጡት ከኋላው ቀሩ።

«ከወንድሙ ጋር» ያልነውን ልብ በሉ። በራሊ አንድ መኪና ላይ ሁለት ሰው ነው የሚቀመጠው። አንዱ ይነዳል። ሌላው ደብተር ይዞ ያነባል! መንገዱ አስቀድሞ ይጠናል፤ ኩርባው፣ ዳገቱ፣ ገደሉ በደብተር ይጻፋል። ውድድሩ ሲጀመር አንባቢው እየጮኸ ያነባል፤ ሾፌሩም ገና ያላየውን ኩርባ በጆሮው ሰምቶ ይዘጋጃል። አንባቢው አንድ መስመር ከዘለለ ሁለቱም ገደል ናቸው። ይህን ለጎረቤታችን ስንነግራቸው ሣቁና፣ «እንግዲህ እኔም ለእሽቅድድም ደርሻለሁ በሉኛ» አሉ። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነውና።

ደግሞ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ይህ ስፖርት ገንዘብ ይበላል። ጎማው፣ ቤንዚኑ፣ መለዋወጫው ሁሉ ውድ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚጀመረው በልጅነት ነው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን በ8 ዓመቱ ነው የጀመረው፤ ጣራ በሌላት፣ ከባጃጅ በምታንስ ትንሽ የእሽቅድድም መኪና። አባቱ የልጁን ወጪ ለመሸፈን ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራ ነበር። ልጁ ኋላ በ2008 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2020 ድረስም ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ይህ የሆነው ሀብታም በሚባል አገር ነው። እኛ ዘንድ በቆቦ ዙሪያ የእሽቅድድም ሜዳ የለም። አንድ በሬ ተሸጦ አንድ የእሽቅድድም መኪና አይገዛም፤ የመኪናውን ጎማ ቢገዛ ነው።

አንዳንድ ልጆች ታዲያ ሜዳ ስላጡ መንገዱን ሜዳ ያደርጉታል። ከሮቢት እስከ ቆቦ ያለውን ሜዳማ መንገድ ታውቁታላችሁ። አይሱዙው ከአይሱዙ፣ ባጃጁ ከባጃጅ ይሽቀዳደማል። ሕዝቡ ለአይሱዙ ያወጣለትን ስም እኛ እዚህ አንደግመውም! የእሽቅድድም ሾፌር እኮ የሚሮጠው መንገዱ ተዘግቶለት ነው። ራስ ቁር አለው፤ መኪናው ውስጥ እንዳይጨፈለቅ የብረት ቤት ተሠርቶለታል፤ ሐኪም ቆሞ ይጠብቀዋል። በእኛ መንገድ ላይ ግን ግመል አለ፤ ጥጃ አለ፤ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች። እዚያ ላይ የሚሮጥ ሰው ማንንም አልቀደመም።

ለልጁም የነገርነው ይህንኑ ነው። ሙያው ከመኪናው ይቀድማል አልነው። አንተ በረዳትነትህ የያዝከውን አትናቅ። ግራካሱን ስትወጡ መኪናው ሲያቅተው ዘለህ ታኮ የምታስገባው አንተ ነህ። ስትወርዱ አሮጌው ሾፌር ለምን በከባድ ማርሽ እንደሚወርድ ጠይቀው። ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፤ ሲግል አይዝም፤ ስለዚህ መኪናውን ሞተሩ ይይዘዋል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ተገብቶ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባ ውስጥ ፍሬን የሚረግጥ ይንሸራተታል። ፋንጂዮም ሆነ ሲንግ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ጎሚስታ ቤት ቁጭ በል፤ ጋራዥ ገብተህ ቁልፍ አቀብል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የጽሑፍ ፈተና አለና ደብተርህን አትጣል። እጅህ ሲታወቅ ያን ጊዜ መዋጮ ብንጠየቅ እኛም አንሸሽም።

ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ። ሦስት ቀን አላናገረንም። በአራተኛው ቀን ከሱቅ ደብተርና እርሳስ ገዝቶ ወጣ። አሁን መኪናው ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ኩርባውን ይጽፋል። ማታ ማታ እቤት ይዞት ይመጣል። በሬዎቹ ከደጅ ያመሰኳሉ፤ ሁለቱም አሉ። አባት ደብተሩን ወደ ኩራዙ አስጠግተው፣ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ ያነባሉ፦ «ግራ፤ ጠባብ። ቀኝ፤ ሰፊ። ግራ፤ ገደል።» ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሰፌዱን ክብ እንደ መሪ ይዞ ያዞራል። አባት አንድ መስመር ሲዘሉ ልጁ፣ «አባዬ፣ ገደል ከተትከን!» ይላል። እሳቸውም ወደ ኋላ ተመልሰው መስመሩን እንደገና ያነባሉ።